ጭንቅላቴን ከተመታሁ በኋላ የገዛሁት ሮዝ መነጽር

ይሄን ጽሑፍ በአንድ መቀመጫ አልጻፍኩትም። የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ 20 ደቂቃ ላይ እሞላለሁ፣ ሲጮህ ላፕቶፑን ከድኜ እነሳለሁ፣ ዓይኔ ረጋ ሲልልኝ ተመልሼ እቀጥላለሁ። ሐሳቡ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ስለ መነጽሩ ከማውራቴ በፊት እንዴት እንደደረስኩበት ልንገራችሁ። ጎንበስ ብዬ የወደቀ እስክሪብቶ አነሳሁና ቀና ስል፣ ራሴው ከፍቼ የተውኩት የካቢኔት በር ጫፍ አናቴን አገኘው። አልወደቅኩም፣ ራሴንም አልሳትኩም። ትንሽ ተሳድቤ፣ ያበጠውን ዳበስ ዳበስ አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማታ ላፕቶፔን ስከፍት ግን ነጩ ገጽ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የበተኑብኝ ያህል ቆረቆረኝ። ግንባሬ ተወጠረ፣ አቅለሸለሸኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ምንም ከሌለ ታዲያ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ሐኪሟ በትዕግስት አስረዳችኝ። ሲቲ የሚያሳየው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው፤ ኮንከሽን ወይም ቀላል የአንጎል ጉዳት የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ አይታይም። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰኝ፣ ንግግሬ ከተንተባተበ ወይም እጄ ከዛለ ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ።

ስክሪን ለሁለት ቀን እንድተውም ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሰው ሲታመም ምን ያደርጋል? ስለ ሕመሙ ስልኩ ላይ ይፈልጋል። ሌሊቱን እሱን ሳነብ አደርኩ። ካነበብኳቸው መሀል አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እኤአ በ2021 የወጣ ጥናት። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 የሆኑ 125 ኮንከሽን የደረሰባቸው ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስክሪን እንዳይነኩ ተደረገ። ያልነኩት ምልክታቸው ለመጥፋት በመካከለኛ ግምት 3.5 ቀን ሲወስድባቸው የነኩት 8 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ይሄን በስልክ፣ በሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አነበብኩት።

ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ሄድኩ። መጋረጃ ዘጋሁ፣ አምፖል አጠፋሁ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር የፀሐይ መነጽር አደረግኩ። ለሁለት ቀን ገነት መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት የምትበራዋ ትንሽ መብራት ሳትቀር ዓይኔን ታስጨፍነኝ ጀመር። ለካ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ለትንሿም ብርሃን ይሳላል። ኮንከሽን በተከታታይ የሚያዩ ባለሙያዎችም ከመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛትን አይመክሩም፤ ቀስ እያሉ ወደ ብርሃኑም ወደ እንቅስቃሴውም መመለስ ነው የሚባለው። ጥቁር መነጽር ለደጅ ፀሐይ ነው። ቤት ውስጥ አታድርጉት። ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ባተረፍኩ።

አሁን ወደ ዕቃው። ኤፍ ኤል-41 ይባላል። የኩባንያ ስም አይደለም፣ የሌንስ ቀለም ዓይነት ነው፤ ብዙ አምራቾች ይሠሩታል። ሮዝ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። የታወቀው በማይግሬን፣ ማለትም እየተመላለሰ በሚነሳ ከባድ ራስ ምታት ነው። እኤአ በ1991 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ማይግሬን ያለባቸው ልጆች ለ4 ወር አድርገውት፣ በወር ከ6.2 ጊዜ ይነሳ የነበረው ሕመም ወደ 1.6 ወርዷል። ልጆቹ ግን ጥቂት ነበሩ፣ ሕመሙም ማይግሬን እንጂ ኮንከሽን አይደለም። ስለዚህ «ተረጋግጧል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ትንሽ እያጋነነ ነው። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን አሳማኝ ነው። ዓይናችን ውስጥ ቅርጽ ለማየት ሳይሆን ብርሃን ምን ያህል እንዳለ ለመለካት የተቀመጡ ሴሎች አሉ፤ እነሱ በጣም የሚነቁት የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ በሆነው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሮዙ ሌንስ በተለይ የሚቀንሰው እሱኑ ነው። ሌላውን በደንብ ያሳልፋል፣ ስለዚህ እንደ ጥቁር መነጽር ጨለማ ውስጥ አይከታችሁም።

የመጀመሪያው የገዛሁት ተጭበርብሬ ነው። ሻጩ ኤፍ ኤል-41 ብሎ ጽፏል፣ የመጣው ግን ሮዝ የተቀባ ተራ ፕላስቲክ ነው። እንዴት አወቅክ ትሉኝ ይሆናል። ሁለተኛው ሲመጣ የትኛውን የብርሃን ሞገድ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚያሳይ ግራፍ አብሮት ነበር፣ 480 ላይ ጎድጎድ ያለ። ለመጀመሪያው ሻጭ ግራፉን ላክልኝ ብዬ ጻፍኩለት፣ የመለሰልኝ የሞዴል ፎቶ ነው። ግራፍ የማይሰጥ ሻጭ ጋ አትድረሱ።

(ሰዓቱ ጮኸ። መጣሁ።)

እውነተኛውን ሳደርገው የመጀመሪያው ነገር ትከሻዬ መውረዱ ነው። ለካ ቀኑን ሙሉ ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው ነበር። ግድግዳው ጎህ ሲቀድ ያለውን ሰማይ መሰለ። ዐሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ አእምሮ ይለምደውና ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። አስቂኙ ሲያወልቁት ነው፦ ዓለም ለጥቂት ጊዜ ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰዉ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ፍሎረሰንት መብራት ያለበት ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ድሮ አምስት ደቂቃ የማልቆምበት ቦታ አሁን ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከ10 ደቂቃ ወደ 20 አድርሶኛል። እጥፍ ነው፣ ግን 20 ደቂቃ ነው።

ጉድለቱም አለ። የእኔው ፍሬም ጠባብ ስለሆነ ብርሃን ከላይና ከጎን ሰተት ብሎ ይገባል፤ ጎኑን የሚሸፍን ብገዛ ይሻል ነበር። እጀታው ጆሮ ግንዴን ይጫናል፣ ራስ ምታት ላለበት ሰው ደግሞ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከቀለም ጋር የሚሠራ ሰው፣ ፎቶ የሚያስተካክል ምናምን፣ ይርሳው። ማታ መንዳትም አይመከርም።

ከሁሉ የገረመኝ መነጽሩ ያልነካው ችግር ነው። ስልኬን ሳይ መነጽሩን አድርጌም ያዞረኝ ነበር፣ በተለይ ማታ ብራይትነሱን እስከ መጨረሻ ስቀንሰው። አልገባኝም ነበር፤ ብርሃን ሲቀንስ እንዴት ይብሳል? ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብዙዎቹ ኦሌድ የሚባሉት የስልክ ስክሪኖች የሚደበዝዙት ብርሃኑን በእውነት በመቀነስ ሳይሆን በፍጥነት ብልጭ ድርግም በማለት ነው፣ በሰከንድ 240 ጊዜ፣ 480 ጊዜ። ብራይትነሱ ሲወርድ የሚጠፋበት ጊዜ ይረዝማል። ዓይን አያየውም፣ የተናጋ አንጎል ግን የሚያውቀው ይመስላል። በሌላ ስልክ ካሜራ የሹተር ፍጥነቱን ጨምራችሁ ስክሪኑን ብታዩት ጥቁር ሰንበር ሲሮጥበት ታያላችሁ። እኔ ሳየው ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። መፍትሔው ነፃ ነው። ብራይትነሱን ከፍ አድርጎ መተው፣ ከዚያ አይፎን ላይ ሪዱስ ዋይት ፖይንት፣ አንድሮይድ ላይ ኤክስትራ ዲም በሚባለው የሴቲንግ ምርጫ ማደብዘዝ። ሪዱስ ሞሽንንም አብሩት፣ ገጹ ሲንሸራተት የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ይቀንሳል። በሐቀኝነት ልናገር፣ ለስልክ ከመነጽሩ የበለጠ የጠቀመኝ ይሄ ነው። መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ።

ሌላም አለ። መስመር እያነበብኩ ፊደሎቹ አንዳንዴ ሁለት ይሆኑብኝ ነበር። ይሄ የብርሃን ጉዳይ አይደለም፤ ከኮንከሽን በኋላ ሁለቱ ዓይኖች ቅርብ ነገር ላይ አብረው መግጠም ሊያቅታቸው ይችላል። የዓይን ባለሙያ አይቶኝ እርሳስ ወደ አፍንጫ እያቀረቡ የማየት ልምምድ ሰጠኝ። ምንም ዓይነት ባለቀለም ሌንስ ይሄን አያስተካክለውም።

ከጓደኛ ተውሼ ኢ-ኢንክ የንባብ ታብሌትም ሞክሬያለሁ። ለረጅም ንባብ የሚደርስበት የለም፣ እንደ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን እያንጸባረቀ ስለሚታይ የውስጥ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል። ለመጻፍ ግን ቀርፋፋ ነው፣ የድሮው ገጽ ጥላም ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ሁሉም ሱቅ የሚሸጠው፣ ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለው ቀለም የሌለው መነጽርስ? ዝለሉት። እኤአ በ2023 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ የኮክሬን ግምገማ በኮምፒውተር ከሚመጣ የዓይን ድካም ላይ በአጭር ጊዜ ለውጥ እንደማያመጣ ነው የሚያሳየው፣ እኔም ምንም አልተሰማኝም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 ሦስት ተኩል። ፍሎረሰንት ሥር ለሚውል ሰው አራት። አሁን አራተኛ ወር ላይ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ሆን ብዬ ቀስ በቀስ እያወለቅኩት ነው፣ ዛሬ ጠዋት መስኮት አጠገብ ያለሱ ቁርሴን በልቻለሁ። በቪዲዮ ስብሰባ ግን አላወልቀውም። የሥራ ባልደረቦቼም እስካሁን «ምነው ዘነጥክ» ማለታቸውን አልተዉም።