ከ19 ዓመት በኋላ የሸጥኳት ሴይቼንቶ፦ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም

መኪናዬን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ውኃ አታፈላም?» እኔም ለ17 ዓመት «ታፈላለች፤ ሴይቼንቶ አይደለች!» እያልኩ ስመልስ ኖርኩ። ይህን የምጽፈው ያንን ቃሌን ለመሻር ነው።

የአውሮፓ 1962 ሥሪት ፊያት 600ዲ ናት፤ ሴይቼንቶ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። 767 ሲሲ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የነዳጅ ሰልባትዮዋ ከፊት ኮፈን ሥር። የበሮቿ ማጠፊያ በኋላ በኩል ነው፤ ፊያት ወደ ፊት ያዞረው በ1964 ነበር። በ1998 ዓ.ም. ከአንድ ጡረተኛ መምህር ገዛኋት። ፍሬኗም ካምቢዮዋም አላስቸገሩኝም።

ማፍላቷ ግን አንገበገበኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ ዳገቱን ሳላጋምስ ከኋላዬ እንፋሎት ይነሣል። የኋላ ኮፈኗን በእንጨት ደግፌ፣ ከፍቼ መንዳት ለመድኩ። (የእሽቅድምድም መኪና አዘጋጁ አባርትም ይህችኑ መኪና ለውድድር ሲያሰልፍ ኮፈኗን ከፍቶ ነበርና በዘዴው አላፍርም።) የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን፣ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ቴስታታዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲበዛባት ትጣመማለች፤ ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስተካከልኳት። አንዱ ጋራዥ የውኃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ነቅሎ ጣለው። ሌላው «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የጣሊያን መኪና አይችለውም» ብሎ አሰናበተኝ። ስለ ውኃው ልክ ነው። ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሴይቼንቶዎች በዚሁ ከተማ ታክሲ ሆነው እንዴት ኖሩ? ያን ጊዜ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

በሐምሌ 2015 ሙሉ እድሳት ጀመርኩ። ባትላሜራው የበሰበሰውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደላት፤ ቀለሟም አማረ። ሞተሯ ሲወርድ አንድ አረጋዊ መካኒክ የሞኖብሎኩን (ሲሊንደሮቹን የያዘውን የሞተር አካል) የውኃ ታፖ ነቅለው ካቻቢቴ ከተቱበት። የወጣው ውኃ አልነበረም፤ እንደ ጭቃ የረጋ ዝገት ነው፣ ከማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊትም አብሮት። በአራተኛው ሲሊንደር ዙሪያ ውኃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልቀረም ማለት ይቻላል።

«ልጄ፣ ምን ዓይነት ውኃ ነው የምታጠጣት?»

«የቧንቧ ውኃ።»

ምንም አልተናገሩኝም። 17 ዓመት ሙሉ፣ ባፈላች ቁጥር፣ በገዛ እጄ የሞላሁላት ያንኑ ነበር። በየጊዜው በሄደው ውኃ ምትክ አዲስ ኖራ እጨምርላት ነበር ማለት ነው።

ሞኖብሎኩ ጸዳ፤ ራዲያተሩ ተፈትቶ ታጠበ። ቴርሞስታት ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ተመላለስኩ። ከዚያ የተጣራ ውኃ ከአንቱፍሪዝ ጋር ሞላናት። በመስከረም 2017 ኮፈኗን ዘግቼ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሞተሯን ሳላጠፋ ወርጄ ከኋላዋ ቆምኩ። ጭስ የለም፣ እንፋሎት የለም፣ ያቺ የልብስ ስፌት መኪና የምትመስል ድምፅ ብቻ። እንባዬ መጣ።

በሁለተኛው ወር ሸጥኳት። ካዛንቺስ፣ ስሙ እንደ እርሷ ከጣሊያን የመጣው ሰፈራችን፣ ለልማት ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ፀሐይና ዝናብ ላይ ላቆማት አልቻልኩም። ደላላው «አሮጌ ብረት ናት፤ ሽጣትና ለኤሌክትሪክ መኪና ቅድሚያ ክፈልባት» አለኝ። ስማኝ ደላላው፦ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለች መኪና ዳግመኛ በወደብ አትመጣም። 62 ዓመት ሆኗት በካቻቢቴና በቁልፍ ተፈትታ የምትድን ነገር ካለህ አምጣና አሳየኝ!

መግዛቴን አልጸጸትበትም። መሸጤ ግን ያንገበግበኛል፤ ጤነኛ ሆና የነዳኋት ሁለት ወር ብቻ ነው።

ለገዢው ወጣት ሊብሬውን ስሰጠው ሁለት ጀሪካን የተጣራ ውኃ አብሬ ጫንኩለት። ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ጋሼ፣ የቧንቧ ውኃ አላስነካኋትም» አለኝ።