የጅማ ሜዳ በሱፐርስፖርት ካሜራ፦ የአንድ ተመልካች ግምገማ

ጅማ አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 የውድድር ዘመን፣ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ሊጉ በመደበኛነት በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት አይተላለፍም ነበር። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ በዚያ ዓመት ያስቆጠራቸውን 23 ግቦች ስታዲየም የገባ ሰው በዓይኑ ሲያይ፣ ያልገባው ደግሞ በሬዲዮ ሰምቶ በሐሳቡ ሥሎአቸዋል። ስለዚህ የከተማችን ታላቅ የእግር ኳስ ዓመት በአብዛኛው የሚኖረው በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። በዲኤስቲቪ በኩል ይተላለፍ የነበረውን የሱፐርስፖርት የሀገር ውስጥ ሊግ ሥርጭት ስመዝን ይህን ቁጭት ይዤ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቅልኝ እወዳለሁ።

ሥርጭቱ የተጀመረው በ2013 የውድድር ዘመን ነው። የደቡብ አፍሪካው ተቋም ከፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ጋር የአምስት ዓመት ውል ተፈራርሞ ሊጉን በሳተላይት ለሀገር ውስጥም ለውጭም ተመልካች ማቅረብ ጀመረ፤ ቆይቶም «ልዩ» የተሰኘ በአማርኛ የሚያስተላልፍ ቻናል ተከፈተ። ዲሽ ተክሎ፣ ዲኮደር ገዝቶ፣ በየወሩ መክፈል የሚችል ቤተሰብ እቤቱ ሆኖ ይመለከት ነበር። የማይችለው ደግሞ፣ በጅማ እንደ አብዛኞቻችን፣ ኳስ ማሳያ ቤት ይሄድ ነበር። እኔም ከዚህ በታች የምገልጸውን አብዛኛውን የተመለከትሁት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ፣ ከእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

በጥር 2013 ውድድሩ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲዞርና ጨዋታዎቹ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲካሄዱ የተሰማኝን በቀላሉ መግለጽ አልችልም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሰው እንደ ልቡ ስታዲየም በማይገባበት በዚያ ወቅት፣ ከሜዳው ብዙም ሳንርቅ የሜዳውን ምስል በስክሪን እንመለከት ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤቴ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «ልጄ፣ ይኼ እውነት የእኛው ሜዳ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አባባ፣ የእኛው ነው» አልኋቸው። እኛ በየዕለቱ በአጠገቡ የምናልፈው ሜዳ፣ ካሜራ ከፍ ካለ ቦታ ሲያየው፣ ስፋቱና የሣሩ መልክ ለእኛው ለነዋሪዎቹ እንግዳ ሆኖብን ነበር። ክለባችን የተሰየመበት የጅማ ንጉሥ የፈረስ ስም፣ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚታይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ስም፣ በስክሪኑ ጥግ ከውጤቱ ጎን ተጽፎ በመላ ሀገሪቱ ሲነበብ ማየት ለአንድ የጅማ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

የምስሉን ጥራት በተመለከተ ሥራው የሚመሰገን ነው። ግብ ከተቆጠረች በኋላ በተለያየ አቅጣጫ ተቀርጾ በዝግታ የሚደገመው ምስል ብዙ አስተምሮናል። አንድ ተከላካይ ከሁለት ቅብብል በፊት ቦታውን በመልቀቁ ግቧ እንደገባች፣ ግብ ጠባቂውም የተወቀሰው ያለ ጥፋቱ እንደሆነ በዓይናችን አየን፤ ሜዳ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ግብ ጠባቂውን ስንሰድብ እንውል ነበር። ሊጉ በቪዲዮ የታገዘ ዳኝነት ስለሌለው ተደጋጋሚው ምስል የዳኛውን ውሳኔ አይለውጥም፤ ከጨዋታ ውጪ ተብሎ የተሻረ ግብ ትክክል እንደነበረ እየታየ ጨዋታው ሲቀጥል ቤቱ በቁጣ ይሞላል። ሆኖም ክርክሩ በወሬ ሳይሆን በሚታይ ነገር ላይ መቆሙን እንደ ትልቅ ለውጥ እቆጥረዋለሁ።

ጨዋታ አስተላላፊዎቹ ንቁዎች ነበሩ፤ የተጫዋቾችን ስም አጥርተው ይጠሩ፣ ጨዋታው ሲፈጥን ድምፃቸውም አብሮ ይፈጥን ነበር። የጎደለኝ የክለቦቹ ታሪክ ነው። ስለ እንግሊዝ ክለቦች የዓመታት ታሪክ በዝርዝር የሚያውቅ ተመልካች፣ ከአባ ጅፋር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሌላው የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ቡና በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ እንደወረደ አያውቅም። ኳሱ ለማዕዘን ምት በሚዘጋጅበት ግማሽ ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ማንሳት ይቻላል። በተጨማሪም እኔ በተቀመጥሁበት ቤት ውስጥ ግማሹ ተመልካች ጨዋታውን የሚከራከርበት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ለእርሱ በቋንቋው የሚቀርብ አማራጭ ድምፅ ቢኖር ሥርጭቱ የበለጠ የእርሱ ይሆን ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ከምስሉ ጋር የመጣው የውድድር አሠራር ነው። ክለቦቹን በሙሉ በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ማጫወት በወረርሽኙ ጊዜ አስፈላጊ ነበር፤ የቀረጻ መኪናውንና ባለሙያዎቹን በየሳምንቱ በየከተማው ከማዞር አንድ ቦታ ማቆየትም ወጪና ድካም እንደሚቀንስ ይገባኛል። ነገር ግን አሠራሩ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ስለቀጠለ፣ ክለቦች በሜዳቸው በደጋፊያቸው ፊት መጫወት ቀረ። አባ ጅፋር በሐዋሳና በአዳማ ከተሞች ሲጫወት በስክሪን እያየነው፣ ጅማ ላይ ግን የጨዋታ ቀን ግርግር ጠፋ፤ ከስታዲየሙ በር ላይ ቆሎና ሻይ ትሸጥ የነበረችውም እናት ገበያዋ ቀዘቀዘ። ቴሌቪዥኑ ቡድናችንን አሳየን፣ በዚያው ልክ ግን ቡድኑ ከእኛ ራቀ።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ አልልም። የሳተላይቱ ሞገድ በከባድ ዝናብ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዳከም፣ ጅማን በሚያህል ዝናባማ ከተማ ምስሉ አንዳንዴ መሰባበሩ ወይም «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ መምጣቱ አይቀርም፤ ዲሹ በደንብ የተስተካከለ ከሆነ ግን ችግሩ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀኔሬተር ያለው ማሳያ ቤት ከራስ ቤት ይሻላል።

አባ ጅፋር በ2014 ከሊጉ ሲወርድ ከስክሪኑም አብሮ ወረደ። ውሉ የተፈረመው ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር እንጂ ከእርሱ በታች ያለውን ከፍተኛ ሊግን ከሚያካሂደው ፌዴሬሽን ጋር ስላልሆነ፣ ከዚያ በኋላ የነበሩትን ውጤቶች በስልክ እየተደዋወልን ነበር የምንሰማው። ሽማግሌው ጎረቤቴም ከዚያ ወዲህ ወደ ማሳያ ቤቷ መምጣታቸውን ተዉ፤ የእንግሊዝን ሊግ ለማየት ቡና ትተው አይወጡም። ስለዚህ የሀገር ውስጥ ሊግን ከላይኛው እርከን በጥሩ ምስል መመልከት ለሚፈልግ ሰው ሥርጭቱ ያለ ማመንታት የሚመከር ነበር፤ የወረደ ክለብ ደጋፊ ግን ለወርኃዊ ክፍያው የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነበር። ከከፍተኛ ሊግ በሳምንት አንድ ጨዋታ፣ በሁለት ካሜራም ቢሆን፣ ያለ ተደጋጋሚ ምስልም ቢሆን፣ የሚያሳይ ቻናል ቢገኝና ለዚያ ለብቻው ክፍያ ቢጠየቅ እኔ ከመጀመሪያዎቹ ከፋዮች አንዱ ነኝ፤ የአባባንም መግቢያ አብሬ እከፍላለሁ።