የቢሮ ደብዳቤና ሪፖርት አጻጻፍ ስልጠና፣ ብሩ ያወጣል ወይ?

መሥሪያ ቤታችን ከፍሎልን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቢዝነስ ራይቲንግ ስልጠና ወስደን ነበር፣ ስማቸውን የማልጠራው ግማሹ ወቀሳ ስለሆነ ነው፣ ግን እንዲህ አይነት ስልጠና አሁን በየቦታው ስላለ ለመግባት ያሰባችሁ ካላችሁ የቱ እንደሚጠቅም የቱ ደግሞ ጊዜ መግደያ እንደሆነ ልንገራችሁ።

የአማርኛው ክፍል በጣም አሪፍ ነበር። አሰልጣኟ ከየመሥሪያ ቤታችን የወጡ ደብዳቤዎችን ስም እየሸፈነች ስክሪን ላይ ትለቅና "እሺ፣ ይሄ የደረሰው ሰውዬ ነገ ጠዋት ቢሮ ገብቶ ምን ያድርግ?" ትላለች፣ ቤቱ ጭጭ። አንዱ የፕሪንተር ጥያቄ ነበር፣ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" ብሎ ይጀምርና "አስፈላጊው ትብብር ሁሉ እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን" ብሎ ያልቃል፣ የትኛው ፕሪንተር፣ ምን ሆነ፣ እስከ መቼ፣ ምንም የለም (ርዕሱ እኮ እዛው ከላይ ቁጭ ብሏል ምን ያስሞክራል ሃሃሃ)። እሷ እንዲህ አደረገችው፦ "2ኛ ፎቅ ያለው ፕሪንተር ከጥቅምት 3 ጀምሮ አይሠራም። እስከ ዓርብ ጥቅምት 14 ቴክኒሻን እንዲላክልን እንጠይቃለን።" በቃ። ጉዳዩ የሚለው መስመርም "ትብብር ስለመጠየቅ" መሆኑ ቀርቶ "የ2ኛ ፎቅ ፕሪንተር ጥገና ጥያቄ" ሆነ፣ ኃላፊው ሌላውን ባያነበው እንኳ ለማን እንደሚመራው ያውቃል። ግልባጭ ማወቅ ለሚገባው ነው እንጂ ለማስፈራሪያ አይደለም ስትል ደግሞ ሁላችንም ሳቅን፣ ለምን እንደሳቅን የቢሮ ሰው ያውቀዋል።

ከፈረንጅ ጋር የምትሠሩ ካላችሁ የቀኑ ነገር ብቻውን ያስኬዳል። 5/10/2017 ብላችሁ ስትጽፉ እናንተ ሰኔ 5 ነው ያላችሁት፣ እዛ ማዶ ያለው ግን ኦክቶበር ወይ ሜይ ብሎ ያነበዋል፣ አመቱም ያለፈበት ይመስለዋል። ስለዚህ "ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም (ጁን 12፣ 2025 እ.ኤ.አ.)" ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ። ስብሰባ 8 ሰዓት ስትሉም ከቀኑ ነው ከጠዋቱ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ፣ አለበለዚያ እንግዳው በጠዋት መጥቶ በር ላይ ይቆማል።

የእንግሊዝኛው ሪፖርት ክፍል ግን እንጃ። ሌላ አሰልጣኝ ነው፣ ስላይዱ ከኢንተርኔት የተለቀመ፣ ምሳሌው ሁሉ የአሜሪካ ካምፓኒ፣ እኛ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ የምንጣደፍበትን አመታዊ ሪፖርት አንዴም አላነሳውም። በቻትጂፒቲ እያጻፍን ነው ምን እናድርግ ብሎ አንዱ ሲጠይቅ "እሱን በኋላ እናየዋለን" ተባለ፣ በኋላ የሚባለው አልመጣም። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር ባይ ነኝ፣ የሚያወጣው አማርኛ ሰዋሰው ቢያሟላም ማን ምን ያድርግ የሚለው አሁንም ይጎድለዋል።

ደግሞ የሚገርመው የራሳቸው የጥሪ ኢሜይል፣ "ድርጅታችን ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ" ብሎ ተነስቶ አዳራሹ የት እንደሆነ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚናገረው። ቡናው ጥሩ ነው፣ ምሳው እንደነገሩ።

ከኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ የአማርኛውን ብቻ ለይተው ይሸጡላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። መሥሪያ ቤት የሚከፍል ከሆነ ደግሞ ደረሰኙን ገና ስትመዘገቡ በድርጅቱ ስም አስቆርጡ፣ የኛ በግለሰብ ስም ተቆርጦ ፋይናንስ አላወራርድም ብሎ አመላልሶናል።