«ኮምፐንሴቲንግ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ዩፎኒየም

አዲስ ዩፎኒየም (ትንሽ ቱባ የሚመስል የናስ የትንፋሽ መሣሪያ) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ለዓመታት የነፋችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ የተሸወድኩት ጀማሪ ሆኜ አይደለም። ከ20 ዓመት በላይ ነፍቻለሁ። እንዲያውም ጉድ የሠራኝ ልምዴ ነው።

ማስታወቂያው «አዲስ፣ ለባለሙያ የሚሆን፣ ባለ 4 ቫልቭ ኮምፐንሴቲንግ» ይላል። ቫልቭ በጣት ሲጫን አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ የሚመራው ነው፤ ኮምፐንሴቲንግ ደግሞ የታችኞቹ ድምፆች እንዳይዛነፉ የሚያቃና ዘዴ ያለው ማለት ነው። ዋጋው ስማቸው የታወቁት ከሚሸጡበት ከግማሽ በታች ነው። ሄጄ አየሁት። ሦስቱ ቫልቮች ከላይ፣ አራተኛው በጎን በኩል በግራ እጅ የሚጫን። ላከሩ (የላዩ ቅብ) ያብረቀርቃል። ሻጩ ሩብ ሰዓት ሰጠኝ፤ እኔም በቃሌ የማውቃቸውን ዜማዎች ነፋሁ። ሁላችንም መሣሪያ ስንሞክር የምናደርገው ይህንኑ ነው። የመሃሉ ድምፅ ሞቅ ያለ፣ የላዩም የማያስቸግር ሆኖ አገኘሁት። ከፍዬ ይዤው ሄድኩ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ክፍል መጣ። ኤፍ ከሚባለው የታችኛው ኖታ ጀምሬ በግማሽ ድምፅ እየወረድኩ ነው። ኢ ትንሽ ሻርፕ አለ፤ ከሚገባው ከፍ አለ ማለት ነው። ኢ ፍላት ባሰበት። ዲ ብዬ የነፋሁት ኢ ፍላት ለመሆን ምንም አልቀረውም። አጠገቤ የተቀመጠችው የቱባ ተጫዋች ዘወር ብላ አየችኝ። አራቱንም ቫልቮች ጭኜ ቢ ናቹራልን ስጠብቅ ደግሞ የወጣው ከሲ እንኳ ከፍ ያለ ድምፅ ነው። የምፈልገው ቢ መሣሪያው ውስጥ የለም!

ምክንያቱ ቀላል ነው። የዩፎኒየም ቱቦ ቫልቭ ሳይጫን 2.7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አራተኛው ቫልቭ ሲጫን ወደ 3.6 ሜትር ይደርሳል። የሌሎቹ ሦስት ቫልቮች ተጨማሪ ቱቦ ግን የተለካው ለአጭሩ ነው፤ ለረጅሙ አይበቃም። ስለዚህ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ድምፁ እየሻረፈ ይሄዳል። ዴቪድ ብሌክሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1874 ያመጣው ኮምፐንሴቲንግ ዘዴ ይህንኑ የሚያቃና ነው። አራተኛው ሲጫን አየሩ ተመልሶ በሦስቱ ቫልቮች ውስጥ ሁለተኛ ዙር ያልፋል፤ ከኋላቸው ያሉት ትናንሽ ቱቦዎችም የጎደለውን ርዝመት ይሞላሉ።

እነዚያ ትናንሽ ቱቦዎች እኔ የገዛሁት ላይ የሉም። አራተኛው ቫልቭ በጎን መሆኑን አየሁና መሣሪያውን አዙሬ ጀርባውን ሳላይ ቀረሁ። በጎን መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እባካችሁ አዙሩት። በሦስቱም ቫልቮች ጀርባ፣ ከዋናው ስላይድ (የሚሳበው ቱቦ) ሌላ፣ ትንንሽ የተጠማዘዙ ቱቦዎች ከሌሉ ኮምፐንሴቲንግ አይደለም። ሻጩ ምንም ይበል።

ኮምፐንሴቲንግ ያልሆነ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ያማሃ 321 አራቱም ቫልቮቹ በአንድ መስመር ናቸው፤ ኮምፐንሴቲንግ አይደለም፤ ነኝም አይልም። ብዙ ሰው በደስታ ይነፋዋል። እኔን ያቃጠለኝ ያልሆነውን ነው መባሉ ነው።

መልሼ ስወስደው ሻጩ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ «አፍ የነካው መሣሪያ አይመለስም።» ሁለተኛ፣ ደረሰኙን አውጥቶ አሳየኝ። «ባለ 4 ቫልቭ ዩፎኒየም» ይላል። ኮምፐንሴቲንግ የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ እንጂ ደረሰኙ ላይ የለም። ማስታወቂያውም በዚያን ጊዜ ተነስቷል። ያችን አንድ ቃል ደረሰኙ ላይ ሳታጽፉ፣ በስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደምትችሉም በጽሑፍ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። ማስታወቂያውንም ፎቶ አንስታችሁ ያዙት።

አሁን ስለ ልምድ ያልኩትን ልመለስበት፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ብዙ የነፋ ሰው ከንፈሩ ሳያስበው ያስተካክላል። ሻርፕ የሆነውን ያወርዳል፣ ፍላት የሆነውን (ከሚገባው ዝቅ ያለውን) ያነሳል። በዚያች ሩብ ሰዓት መሣሪያው በደንብ ነፋ ብዬ ያመንኩት ከንፈሬ የሠራውን ሥራ ነው። ጀማሪ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ወዲያው ይሰማ ነበር። ስለዚህ ስትሞክሩ ቲዩነሩን (ድምፁ ትክክል መሆኑን የሚለካውን) እናንተ አትዩት። ለሌላ ሰው ስጡት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ድምፁን ሳታባብሉ፣ ረጅም ረጅም ኖታ ንፉ፤ እሱ ይጻፍላችሁ። ከኖታው አምስት መስመሮች በላይ ያሉት ኢ ፍላት፣ ኢ እና ኤፍ በብዙ ዩፎኒየም ላይ ሻርፕ ይላሉ፤ በውድ በውዱም ላይ አለ። የሚለያየው መጠኑ ነው። ከዚያ ከታችኛው ኤፍ እስከ ቢ ናቹራል አንድ በአንድ ውረዱ። ዜማውን ለመጨረሻ አቆዩት።

ቫልቮቹ አየር እንደማያስመልጡም እዩ። ቫልቩን ሳትጫኑ ስላይዱን ሳቡት፣ ከዚያ ቫልቩን ተጫኑ። «ፖፕ» ካለ ጥሩ ነው። ዝም ካለ አየር እያመለጠ ነው፤ አዲስ መሣሪያ ላይ ደግሞ ይህ ሊኖር አይገባም። የራሳችሁን ማውዝፒስም (ከንፈር የሚያርፍበትን ጫፍ) ይዛችሁ ሂዱ። የሚሰካበት ጫፍ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ስላለው አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ በሻጩ ማውዝፒስ የሰማችሁት ድምፅ ቤት ስትገቡ ላይገኝ ይችላል።

መሣሪያው እስካሁን እኔ ጋ ነው። ሁለት ሰዎች እንግዛው ብለው ደውለውልኛል። ለሁለቱም ከዋጋው በፊት የነገርኳቸው ኮምፐንሴቲንግ አለመሆኑን ነው።