የሳኦል ሁለት አለመታዘዞች፦ ጌልገላና አማሌቅ

በጌልገላ (1ኛ ሳሙኤል 13) ትእዛዙ ሳሙኤልን 7 ቀን መጠበቅ ነበር። ሳኦል ጠበቀ። ነቢዩ ግን ዘገየ፤ ፍልስጥኤማውያን በማክማስ ሰፍረዋል፤ ሠራዊቱ እየተበተነ 600 ያህል ቀረ። ንጉሡ የሚቃጠለውን መሥዋዕት ራሱ አሳረገ፤ ሳሙኤል የደረሰው ገና እንደ ጨረሰ ነው። ጥፋት ቢሆንም ፍርሃቱ ይገባል።

በአማሌቅ ዘመቻ (ምዕራፍ 15) ትእዛዙ አማሌቃውያንን ከነከብታቸው ፈጽሞ ማጥፋት ነበር። እዚህ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ 210,000 ሰው ይዞ ድል አድርጓል። ንጉሣቸውን አጋግን ግን ማረከ፣ የተናቀውን ከብት አጥፍቶ ምርጡን አስቀረ፣ በቀርሜሎስም ለራሱ ሐውልት አቆመ። ከዚያ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ! በጎቹ ሲጮኹ ደግሞ በሕዝቡ አሳበበ። ከሁለቱ የከፋው ይህ ነው፤ ግማሹን ታዞ ሙሉ አስመሰለው። ፍርዱም ለየቅል ነው፦ መጀመሪያ መንግሥቱ እንደማይጸና፣ በኋላ ራሱ ከንጉሥነት እንደተናቀ ተነገረው።