ሳይሸፈን እዩት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ለምትሠሩ

ደብረ ብርሃን ወይም አካባቢዋ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ በተለይ በእጅ ዋጋ (ዕቃውን እናንተ ገዝታችሁ የሥራውን ብቻ በመክፈል) ለአንድ ሰው ልትሰጡ የተስማማችሁ፣ እባካችሁ ቀብዱን ከመስጠታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ ከሰጠሁ በኋላ ነው የነቃሁት። የሰውየውን ስም አልጽፍም። ጉዳያችን ሽማግሌ ዘንድ ነው፤ ደግሞም እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

ቤቱ ጠባሴ በኩል ነው። አራት ክፍል፣ ብሎኬት፣ ከላይ ቆርቆሮ። እናቴን ከመንዝ፣ ከመሀል ሜዳ ከተማ አምጥቼ አጠገቤ ላኖራት ብዬ ነው የጀመርኩት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ህዳር ላይ። ሁለት ሰዎች ዋጋ ሰጡኝ። አንደኛው 410,000 ብር አለ። መሠረቱ ጠንካራው መሬት ድረስ ካልወረደ ሥራውን አልይዝም ብሎ ፊት ለፊት ነገረኝ። ሁለተኛው 320,000 አለ። እሱን ያመጣው የማኅበር ወንድማችን ነው። ክርስትና ላይ አንድ ገበታ በልተናል። ስለዚህ ዝርዝር ውል እንጻፍ ለማለት አፈርኩ። በአንድ የደብተር ቅጠል ላይ ጠቅላላ ዋጋውን ጽፈን ፈረምን። የጉድጓዱ ጥልቀት አልተጻፈበትም። የብረቱ ርቀት አልተጻፈበትም። አርማታው ስንት ቀን ውሃ እንደሚጠጣም አልተጻፈበትም።

ቤቱ አልቆ ቀለም ሲቀባ ያማረ ነበር። ሰው ሁሉ መርቆናል።

የመጀመሪያው ክረምት ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የእናቴ ክፍል በር አልዘጋ አለ። እርጥበት ነው ብለን አናጢ ጠርተን ጫፉን አስላግነው። በሳምንቱ እንደገና ያዘ። ያኔ ነው ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄደውን መስመር ያየሁት። መጀመሪያ ከፀጉር አይወፍርም ነበር። ነሐሴ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ሰካሁበት፣ ቆመ። እናቴ ምንም አላለችኝም። ግን ጠዋት ቡና ይዤ ስገባ አልጋዋን ከግድግዳው አርቃ መሀል ቤት አድርጋው አገኛለሁ። እየተነሳች ማታ ማታ ትስበዋለች።

አንድ የማውቀው መሐንዲስ መጣልኝ። ከውጭ በኩል ጥጉን አስቆፈረ። ሰውየው 1 ሜትር ከ50 አወርደዋለሁ ያለኝ መሠረት 90 ሳንቲም ላይ አለቀ። ከሥሩ ያው ጥቁር አፈር ነው። ይህን አፈር የእኛ አገር ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት ላዩ ላይ ከተቀመጠ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ሁሉም ጥግ ግን እኩል አይነሳም፣ ግድግዳውም የሚቀደደው ለዚህ ነው። መፍትሔው አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ ጠንካራው መሬት ላይ መድረስ፣ የወለሉን ሥር ደግሞ ገረጋንቲ በሚባለው ጠጠራማ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። የእኛ ወለል ሥር የተመለሰው ከጉድጓዱ የወጣው ራሱ ጥቁሩ አፈር ነው። የገዛሁት ሁለት መኪና ገረጋንቲ እዚያ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ የአንዱን ኮለን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶ፣ ልስን በመሮ አነሳ። ስታፋው (የኮለኑን ቋሚ ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት ብረት) በ15 ሳንቲም ርቀት ሊታሰር ሲገባው በ35 ነው የታሰረው። ከዚያ ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ አርማታውን ፋቀው። እንደ በሶ ረገፈ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት፣ በሁለት ጣቴ ሳሸው ዱቄት ሆነ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ወደ እሷ ዞሬ ማየት አልቻልኩም።

ለምን እንደዚያ ሆነ? መሐንዲሱ አስረዳኝ። ለኮለንና ለሶሌታ (ጠፍጣፋ ሆኖ ለሚሞላው አርማታ) የሚታዘዘው ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ነው። በተለመደው የሳይት ልክ ለ1 ከረጢት ሲሚንቶ 2 ቦክስ አሸዋና 3 ቦክስ ጠጠር ይገባል። ቦክሱ መለኪያ ሳጥን ነው፣ 50 በ40 በ18 ሳንቲም። የእኔ ሳይት ላይ ቦክስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በአካፋ፣ በዓይን ግምት ነበር የሚቦካው። በቀላሉ እንዲፈስላቸው ደግሞ ውሃውን ያበዙታል። ውሃ የበዛበት አርማታ ሲደርቅ ባዶ ቀዳዳ ይተዋል፣ ጥንካሬም አይኖረውም።

ሁለተኛው የእኛው ብርድ ነው። ይህን ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ሊዘነጋው ይችላል፣ የደብረ ብርሃን ሰው ግን አይዘነጋውም። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። አርማታ የሚጠነክረው ሲሚንቶና ውሃ ቀስ እያሉ ሲዋሃዱ ነው። ገና ሳይዋሃድ ውሃው በረዶ ከሆነ ያብጥና ከውስጥ ያፈርሰዋል። ቀን ደግሞ ፀሐዩና ነፋሱ ቶሎ ያደርቁታል። ስለዚህ በዚህ ወራት የሚሞላ አርማታ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ጠዋት ይሞላል፣ ሌሊት በላስቲክና በገለባ ይሸፈናል፣ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበት አይለየውም። የሚጠበቅበትን ጥንካሬ ደግሞ 28 ቀን ሲሞላው ነው የሚለካው። የእኔ ኮለኖች የተሞሉት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ ሳይቱ ላይ ማንም አልነበረም።

ያኔ ከሠሩት የቀን ሠራተኞች አንዱን ልጅ በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት። ሃያ ዓመት አይሞላውም። ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እኔ ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር» አለኝ። «ጋሼ አምስት ቤት ይዞ ነበር። ጠዋት መጥቶ ያሳየንና ይሄዳል። ውሃ አጠጡ ቢለን እናጠጣ ነበር።» ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ማንም አላስተማረውም። ዋጋውን የተዋዋለው ባለሙያ እጁን ሳያሳርፍበት ነው ቤቴ ያለቀው። በ320,000 ያስያዘውም ለዚህ ነው፤ የእሱ ሰዓት ሒሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ነገር ስለ ራሴ ሥራ ብዙ አሳሰበኝ። ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የሳንባ ነቀርሳ አክታ በማይክሮስኮፕ ስናይ ባሲሉ (የበሽታው ተህዋስ) የለም ብለን ለመጻፍ ቢያንስ 100 ፊልድ ማየት አለብን፤ ፊልድ የምንለው በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ቦታ ነው። ወረፋው በረዘመበት፣ ዓይኔ በደከመበት ቀን 40 ላይ ቆሜ «ነፃ» ብዬ ብጽፍ በዚያች ሰዓት ማን ያውቃል? ማንም። ታማሚው አመስግኖኝ ይሄዳል። ከሦስት ወር በኋላ ልጆቹን ይዞ እያሳለ ይመለሳል እንጂ። ስታፋውን በ35 ያሰረውም ሰው እንዲሁ ነው። ልስን ይሸፍነዋል፣ ባለቤቱ ይመርቀዋል።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። አምንበታለሁ። ግን እኛን እንኳ በልባችን ብቻ አልተዉንም። ያየናቸው ስላይዶች (አክታው የተቀባባቸው መስታወቶች) ይቀመጣሉ፣ ከመካከላቸው ተመርጠው ሌላ ላብራቶሪ መልሶ ያያቸዋል። ይህ እኔን መናቅ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም። እንዲያውም ድካም ሲያሸንፈኝ የሚያቆመኝ እሱ ነው። ታዲያ ስላይዴን ሌላ ሰው እንዲያይ ፈቅጄ፣ ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ያፈሰስኩበትን ቤት ሌላ ዓይን እንዲያየው ለመጠየቅ ለምን አፈርኩ? ይሉኝታ ነው። የማኅበር ወንድሜ ይቀየመኛል ብዬ ነው። አሁን ሁለቱም ጠፋ፤ ቤቱም ተሰነጠቀ፣ ወንድምነታችንም ቀዘቀዘ።

ሽማግሌ ፊት ሰውየው አንድ ቃል ብቻ ነው የደጋገመው፦ «አፈሩ ነው። እኔ ምን ላድርግ?» ይህን ሲሏችሁ አትደንግጡ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ቤቱን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ለጥንካሬው ዋስ ነው ይላል። ከመሬቱ ጠባይ የሚመጣውም ጉዳት እዚያው ውስጥ ተጠቅሷል። ግን ምን እንደተስማማችሁ የሚያሳይ ወረቀት ከሌላችሁ መከራከሩ ከባድ ነው። የእኔ የደብተር ቅጠል ዋጋውን እንጂ ጥልቀቱን አይናገርም። እስካሁን 20,000 ብር መልሷል። ስልኩን ግን አንዳንዴ ነው የሚያነሳው።

እናንተስ? ክፍያውን ከሚሸፈነው ሥራ ጋር እሰሩት። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳይሞላ፣ ብረቱ ታስሮ ካሳ ፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ሳይዘጋ፣ ግድግዳው ቆሞ ሳይለሰን፣ በእነዚህ ሦስት ቀናት ከሥራው ጋር ጥቅም የማያገናኘው መሐንዲስ መጥቶ ይይ። እሱ ሳያይ የሚቀጥለው ክፍያ አይወጣም ብላችሁ ውሉ ላይ ጻፉ። ሜትር ይዛችሁ ስታፋውን ራሳችሁ ለኩ፤ ትምህርት አይጠይቅም። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሜትሩ ይታይ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶቹን አስቀምጡና ማታ ማታ ቁጠሩ። አሸዋውን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላዩ ወፍራም ጭቃ ከተኛ መልሱት። ባለሙያውን ደግሞ የሠራውን ቤት አሳየኝ ስትሉት ትናንት ቀለም የተቀባውን አትዩ። ሁለትና ሦስት ክረምት ያለፈበትን ጠይቁ፤ በነሐሴ ሂዱና በሮቹን ከፍታችሁ ዝጉ።

ያን 410,000 ያለኝን ሰው ባለፈው ወር ፈልጌ አገኘሁት። ጥጉን በየተራ እየቆፈረ ከሥር አርማታ ለማስገባት ተስማምተናል። ውሉ አራት ገጽ ነው። ሳወጣው ይቀየማል ብዬ ፈርቼ ነበር። አነበበውና አንድ ነገር ጨመረበት፦ «በውርጭ ወራት አርማታ አይሞላም»። ስለዚህ የካቲትን እየጠበቅን ነው። የስንጥቁ ጫፍ ላይ በየሳምንቱ በእርሳስ ቀን እጽፋለሁ። እናቴ ለጊዜው እኔ ጋ ነው የምትተኛው። ልትጀምሩ ያላችሁ ሰዎች የውሉን ቅጂ ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስሞቹን ሸፍኜ እልክላችኋለሁ።