ስለ ካሜራ ምንም የማያስተምር የፎቶግራፍ ሥልጠና

ፎቶ አንሺዎች የራሳቸውን ዓላማና እሴት ለይተው እንዲያውቁ ተብሎ የተዘጋጀ የአራት ሳምንት ሥልጠና በበይነ መረብ ተከታትዬ ጨርሻለሁ። በቆይታችን ስለ ሌንስም ሆነ ስለ ብርሃን አልተነሣም፤ ጥያቄው ፎቶ የምናነሣው ለምን እንደሆነ፣ ለምስሉ ስንልም ፈጽሞ የማናደርገው ነገር ምን እንደሆነ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት እምብዛም አልጠቀመኝም። «እውነት»፣ «ክብር»፣ «ነፃነት» የመሳሰሉ ቃላት ከተደረደሩበት ቅጽ አምስት እንድንመርጥ ተጠየቅን፤ እነዚህን ቃላት የሚጠላ ሰው ስለሌለ የሁላችንም ምርጫ ተቀራራቢ ሆነ።

የሥልጠናውን ጥቅም ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። አሠልጣኛችን ከየማኅደራችን የምንኮራባቸውን 20 የሰው ፎቶዎች አውጥተን በእያንዳንዱ ሥር የተነሺውን ስም፣ ፈቃዱን ጠይቀን እንደነበረና ፎቶው በኋላ ደርሶት እንደሆነ እንድንጽፍ አዘዙን። እኔ ስም መጻፍ የቻልኩት በ3ቱ ሥር ብቻ ነበር። ከቀሩት አንዱ፣ በሆስፒታል መተላለፊያ የታመመ ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ እርሱንም እንቅልፍ የጣለው አባት ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን በልጁ ባዶ እግር ላይ በማረፉ ለዓመታት ከሥራዎቼ ሁሉ አስበልጬ የማየው ምስል ነበር። ሰውየው እስኪነቃ አልጠበቅኩም። በቅጹ ላይ «ክብር»ን አንደኛ አድርጌ ነበር።

በዚያው ሳምንት የተወያየንበት፣ አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ኒፖሞ ያነሣችው «ስደተኛዋ እናት» የተባለው ፎቶ፣ ዓላማና እሴት አንድ አለመሆናቸውን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ አሳይቶኛል። እናቲቱ በነበረችበት የእርሻ ሠራተኞች ሰፈር ያለው የረሃብ ዜና ከፎቶዎቹ ጋር በጋዜጣ እንደወጣ መንግሥት ለሰፈሩ የምግብ እርዳታ ስለላከ የላንግ ዓላማ ተሳክቷል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ስሟን ሳትጠይቃት ነበር የሄደችው። ሴትየዋ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ በይፋ የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እርሷም ስሟ አለመጠየቁንና ከፎቶው አንዳች አለማግኘቷን በምሬት ተናግራለች።

ቅር ያሰኘኝ የማጠቃለያው ሥራ ነው፤ ዓላማችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድንፈርምበት ተደረገ። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሰባስቲያው ሳልጋዶ በ1973 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚ ባለሙያነቱን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ ቢገባም፣ በሩዋንዳ ያየው እልቂት ለረጅም ጊዜ የሠራበትን መንገድ እንዲመረምር አስገድዶት፣ ከባለቤቱ ጋር የተራቆተ የቤተሰቡን መሬት በዛፍ ወደ ማልበስ፣ ኋላም ተፈጥሮን ወደ ማንሣት ዞሯል። እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ጊዜ ፊርማ የሚታሰር አይደለም፤ አዘጋጆቹ ቢያንስ በዓመቱ ተመልሰን የጻፍነውን የምንከልስበት ቀጠሮ ሊያክሉበት ይገባ ነበር።

ሥልጠናውን ለዓመታት ፎቶ ሲያነሡ ለቆዩ ሰዎች ከልቤ እመክራለሁ። ጀማሪ ግን ቢቆይ ይሻለዋል፤ የሚመረምራቸው 20 ፎቶዎች ከሌሉት ሁለተኛው ሳምንት ያልፈዋል፣ የቀሩት ሳምንታት ብቻቸውን ደግሞ ለክፍያው አይመጥኑም።